ከኪፓንዴ እስከ ሁዱማ ናምባ፤ የሕዝብ መዝገብና የሰው ገመና በኬንያ

ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን ባስቆጠረ ጊዜ በእስራኤል ላይ መቅሠፍት እንደ ወረደ በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ተጽፎ ይገኛል። በኢትዮጵያ ገጠርም ልጆቹንና ከብቶቹን በቁጥር መናገር የማይወድ አባወራ፣ የክርስትና ስሙን ለማያውቀው ሰው የማይገልጥ ምእመን እስከ ዛሬ ድረስ አይታጣም። የተማረው ወገን ይህን ሲያይ የኋላ ቀርነት ምልክት ነው ብሎ ያልፈዋል። ሆኖም ነገሩን ረጋ ብሎ ለሚመረምር ሰው ከዚህ ልማድ በስተጀርባ አንድ የበሰለ አስተያየት ይታያል፤ ይኸውም የሰው ስምና ቁጥር በሌላው እጅ በገባ ጊዜ ለያዡ ሥልጣን ይሆነዋል፣ የባለቤቱም ገመና ከቤቱ ወጥቶ በማያውቀው ሰው ደጅ ያድራል የሚል ነው።

የሰው ስም፣ የጣት አሻራና የዓይን ብሌን በኮምፒዩተር ተመዝግቦ በአንድ ቋት በሚከማችበት በዛሬው ዘመን ይህ የአባቶች ጥርጣሬ እንደገና ተነሥቶ የምክር ቤቶችና የፍርድ ቤቶች መነጋገሪያ ሆኗል። ነገሩን ከሥሩ ለማየት የኬንያ ታሪክ እጅግ ይጠቅማል፤ ያች አገር ይህን ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ ስትፈተንበት ኖራለችና፤ መጀመሪያ በቀለምና በቆርቆሮ፣ ኋላም በኮምፒዩተር። (ዓመታቱ የኢትዮጵያ መሆናቸው ካልተገለጠ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

በ1915 ዓ.ም. የምሥራቅ አፍሪካ የእንግሊዝ ግዛት ሹማምንት የአገሬውን ተወላጅ ለመመዝገብ የሚያስችል ድንጋጌ አወጡ። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሥራውን ስላዘገየው በተግባር የዋለው ጦርነቱ ካበቃ በኋላ፣ በ1919 እና በ1920 ነው። ድንጋጌው ዕድሜው 16 ዓመት የሞላው አፍሪካዊ ወንድ ሁሉ እንዲመዘገብ፣ የጣት አሻራውን እንዲሰጥና የምዝገባውን ወረቀት ይዞ እንዲንቀሳቀስ ያስገድድ ነበር። ወረቀቱ በስዋሂሊ ቋንቋ ኪፓንዴ ተባለ፤ ትርጉሙም ቁራጭ ማለት ነው። እንዳይበላሽም በትንሽ የብረት ዕቃ ውስጥ ይከተትና ዕቃው በገመድ ታስሮ ከባለቤቱ አንገት ይንጠለጠል ነበር።

በኪፓንዴው ላይ የሰውየው ስም፣ ጎሣውና አሻራው ሰፍሮ ይገኛል። እስከዚህ ድረስ ያለው ለማንም የመታወቂያ ወረቀት የሚያስፈልግ ነው ሊባል ይችል ይሆናል። ከዚህ በቀር ግን ያሠሩት ጌቶች ስም፣ የተቀጠረበትና የተሰናበተበት ቀን፣ የተቀበለው ደመወዝም ይጻፍበት ነበር። የድንጋጌው ምሥጢር ያለው በዚህ ላይ ነው። አሠሪው የመሰናበቻውን ቀን ጽፎ ካልፈረመ ሠራተኛው ሌላ ሥራ ማግኘት አይችልም። ጥሎ ቢሄድም እንደ ኮብላይ ይቆጠራል፤ አሻራው በናይሮቢ ካለው መዝገብ ጋር ይመሳከርና በተገኘበት ተይዞ ይቀጣል። ደግሞም አዲሱ አሠሪ የቀድሞውን ደመወዝ በወረቀቱ ላይ ስለሚያነብ ከዚያ ከፍ አድርጎ ለመክፈል የሚያስገድደው ነገር የለም። ሠራተኛው ስለ ጌታው የሚያውቀው ምንም ነገር ሳይኖር ጌታው ስለ ሠራተኛው ሁሉን ያውቃል። በ1931 የተሰጡት ኪፓንዴዎች ቁጥር ከአንድ ሚሊዮን በልጦ ነበር፤ ይህን ሁሉ ያለ ኮምፒዩተር በቀለም፣ በወረቀትና በጸሓፊዎች እጅ ማከናወን መቻሉ የሚያስገርም ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ከመኪና ጋር የመጣ አዲስ ነገር የሚመስላቸው ሰዎች ይህን ልብ ሊሉት ይገባል።

የኪኩዩ ሰዎች ይህን በአንገት የሚንጠለጠል ዕቃ «ምቡጊ» ብለው ጠሩት፤ ይህም የፍየል ቃጭል ማለት ነው። ስሙን ያወጣለት ማን እንደ ሆነ አይታወቅም፤ የሸንጎ ንግግር ሳይሆን የመንገድ ላይ ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን ከብት አርቢ ሕዝብ ቃጭል ለማን እንደሚታሰር ያውቃል። ፍየሊቱ ቃጭሉን ተሸክማ ትዞራለች፤ ድምፁ ግን የሚጠቅመው ጆሮውን ጥሎ ለሚያዳምጠው ለባለቤቱ ነው። ስለ መረጃ አያያዝ በኋላ ዘመን ከተጻፉት ብዙ ነገሮች መካከል ከዚህ አንድ ቃል የበለጠ የሚያስረዳ ማግኘት ያስቸግራል።

ቅሬታው በስም አወጣጥ ብቻ አልቀረም። በናይሮቢ በመንግሥት ግምጃ ቤት የስልክ ሠራተኛ የነበረው ሃሪ ቱኩ በ1921 ከባልንጀሮቹ ጋር ማኅበር አቋቁሞ በኪፓንዴው፣ በጎጆ ግብሩ፣ በደመወዝ መቀነስና በሴቶች የግዳጅ ሥራ ላይ ሕዝቡን ማነጋገር ጀመረ። በማርች 14 ቀን 1922 ተያዘ። በሁለተኛው ቀን፣ በማርች 16፣ እንዲፈታ የሚጠይቅ ብዙ ሕዝብ ከፖሊስ ጣቢያው ፊት ለፊት ተሰበሰበ። ወንዶቹ ሲያመነቱ ሜሪ ሙቶኒ ኛንጂሩ የተባለች ሴት ወደ ፊት ወጥታ ገሠጸቻቸው፤ ሕዝቡም ገፍቶ ሲቀርብ ፖሊሶቹ ተኮሱ። ከሃያ በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ሜሪ ሙቶኒም ከነርሱ አንዷ ነበረች። ቱኩ ያለ ፍርድ ዛሬ በሶማሊያ ወደምትገኘው ወደ ኪስማዮ ተጋዘ፤ ኪፓንዴውም ከዚያ በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ በአንገት ላይ ቆየ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሆነው ነገር ደግሞ ከታሪኩ ሁሉ አስተማሪው ክፍል ነው። በ1947 መንግሥት ኪፓንዴውን ሽሮ በምትኩ ነጭ፣ ህንዳዊና አፍሪካዊ ሳይባል ለሁሉም የሚሆን የመታወቂያ ሕግ አወጣ፤ በዚህም መሠረት ሁሉም አሻራውን እንዲሰጥ ታዘዘ። ያን ጊዜ ነጮቹ ሰፋሪዎች በአንድ ድምፅ ጮኹ። ጣታቸውን ቀለም ማስነከር እንደ ወንጀለኛ መቆጠር እንደ ሆነ፣ የነፃ ሰውን ክብር እንደሚነካ፣ መንግሥት በዜጋው ላይ ሊያደርገው የማይገባ እንደ ሆነ ተከራከሩ። ክርክራቸው በራሱ ሲታይ ስሕተት የለበትም፤ ኬንያውያንም ከሰባ ዓመት በኋላ በፍርድ ቤት ያቀረቡት ከዚህ ብዙም የራቀ አይደለም። ነገር ግን እነዚሁ ሰዎች ለሠላሳ ዓመት ያህል የሠራተኞቻቸውን ኪፓንዴ ሲያገላብጡ አንድ ጊዜም ይህ ሐሳብ አልመጣባቸውም ነበር። ጉዳዩ በ1950 በአንድ መርማሪ ከታየ በኋላ ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው በአሻራው ፈንታ ፎቶግራፉንና ፊርማውን እንዲሰጥ ተፈቀደለት። እንግዲህ የገመና ዋጋ በፊርማ ተለካ፤ መፈረም የቻለ ከጣቱ ላይ ቀለሙን አስቀረ፣ ያልቻለው ግን አሻራውን ሰጠ።

በ1963 ኬንያ ነፃ ወጣች፤ የመታወቂያው ሥርዓት ግን ቀጠለ፤ ኋላም ሴቶችን ጨመረ። ያለ መታወቂያ ወረቀት ሥራ መቀጠር፣ በምርጫ ድምፅ መስጠት፣ በኋላም የእጅ ስልክ መስመር ማውጣት የማይቻል ሆነ። ወረቀቱን ለማግኘት ግን ሁሉም እኩል አልነበረም። እንግሊዞች ከሱዳን አምጥተው በኪቤራ ያሰፈሯቸው ወታደሮች ልጆች የሆኑት ኑቢያውያን፣ በድንበር አካባቢም የሚኖሩ ሶማሌዎች፣ ሌላው ዜጋ የማይጠየቀውን ማስረጃ እየተጠየቁ በሽማግሌዎችና በሹማምንት ፊት ይመረመሩ ነበር። በ1989 በኬንያ የሚኖሩ ሶማሌዎች ሁሉ እንዲመረመሩ ታዝዞ ለተመረመሩት የተለየ ሮዝ ቀለም ያለው ወረቀት ተሰጣቸው።

እዚህ ላይ የሩዋንዳን ነገር ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። በ1933 እና በ1934 የቤልጅግ ሹማምንት ሕዝቡን ቆጥረው እያንዳንዱ ሰው ሁቱ፣ ቱትሲ ወይም ትዋ መሆኑ የተጻፈበት መታወቂያ ሰጡት። የመዘገቡት ጸሓፊዎች ግብርና አስተዳደርን እንጂ ሌላ ነገር አላሰቡ ይሆናል። ነፃነት ሲመጣ ያች አንዲት መስመር በመታወቂያው ላይ ቀረች፤ በ1994 በየመንገዱ ኬላ የቆሙት ገዳዮችም የጠየቁት እርሷኑ ነበር። መዝገብ የከፈተው ሰው አልፎ፣ የከፈተበትም ምክንያት ተረስቶ፣ መዝገቡ ግን ለሚቀጥለው ባለሥልጣን ሳይጓደል ይተላለፋል።

ወደ ኬንያ ስንመለስ፣ በ2018 መጨረሻ ምክር ቤቱ ብዙ ልዩ ልዩ ሕጎችን በአንድነት በሚያሻሽል አዋጅ ውስጥ የምዝገባውን ሕግ ለወጠ። እንዲህ ያለው አዋጅ ብዙ ጊዜ ለጥቃቅን እርማት የሚያገለግል በመሆኑ ያስተዋለው ሰው ጥቂት ነበር። በአዲሱ አንቀጽ መሠረት መንግሥት ከሰው ሊወስድ የሚችለው ምልክት የጣት አሻራን፣ የእጅን ቅርጽ፣ የጆሮን ጫፍ ልክ፣ የዓይንን ብሌን፣ የድምፅን ሞገድና ዲኤንኤን ይጨምራል፤ የመኖሪያ ቤቱም ሥፍራ በሳተላይት ልክ ይመዘገባል። ሁሉም በአንድ ቋት ተከማችቶ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቁጥር ይሰጠዋል። ቁጥሩም ሁዱማ ናምባ፣ ማለትም የአገልግሎት ቁጥር ተባለ።

የመንግሥቱ ምክንያት በቀላሉ የሚናቅ አልነበረም። አንድ ሰው ለግብር፣ ለጡረታ፣ ለሕክምናና ለመታወቂያ ልዩ ልዩ ቁጥር እየያዘ መንከራተቱ እንዲቀር፣ በሌሉ ሰዎች ስም የሚወጣ ደመወዝ እንዲቋረጥ፣ ድኻውም ድርሻውን በቀላሉ እንዲያገኝ ያደርጋል ተባለ። የትምህርት ቤት አስተዳደር ያየ ሰው የዚህን ጥቅም ያውቀዋል። ሕዝቡ ግን በየሰልፉ፣ በየአውቶቡሱና በየስልኩ የራሱን ይናገር ነበር። ያልተመዘገበ ሰው ስልኩ ይዘጋበታል የሚል ወሬ ተነዛ፤ ወጣቶች በፌዝ መልስ ሰጡበት። ከሃይማኖተኞች መካከል የአውሬው ቁጥር ነው ብለው የሸሹ ነበሩ። ከዚህ በፊት ለስልክ፣ ለምርጫና ለመታወቂያ አሻራችንን ሰጥተናል፣ ያ የት ገባና ነው እንደገና የምንጠየቀው ያሉም ብዙ ናቸው፤ ይህኛው ጥያቄ በቂ መልስ አላገኘም።

የኑቢያውያን መብት ማኅበር ከሌሎች ሁለት የሰብአዊ መብት ድርጅቶች ጋር ሆኖ ጉዳዩን ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ወሰደው። ምዝገባው ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው፣ በአፕሪል 1 ቀን 2019፣ ፍርድ ቤቱ ሥራው ይቀጥል ዘንድ ፈቀደ፤ ሆኖም ማንም እንዳይገደድ፣ ዲኤንኤና የቤት ሥፍራ እንዳይወሰድ፣ መረጃውም ለሌላ ወገን እንዳይሰጥ አዘዘ። ምዝገባው በኤፕሪልና በሜይ ተካሂዶ ከ30 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ተመዘገበ። የሰውን የግል መረጃ የሚጠብቀው ሕግ ግን የወጣው በዚያው ዓመት በኖቬምበር ነው። በጃኑዋሪ 30 ቀን 2020 ሦስት ዳኞች በሰጡት ፍርድ ዲኤንኤንና የቤት ሥፍራን የመሰብሰቡ አንቀጽ ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደሚቃረን ተወሰነ፤ የቀረውም ሥራ ተገቢና የተሟላ ደንብ እስኪወጣለት ድረስ እንዲቆይ ተባለ። በኦክቶበር 2021 ደግሞ ሌላ ዳኛ ካርዱ መሰጠት ከመጀመሩ በፊት በሰዎች ገመና ላይ የሚያመጣው ጉዳት በሕጉ መሠረት ስላልተጠና አሰጣጡ ሕጋዊ አይደለም ሲል ፈረደ። የመንግሥቱ ጠበቆች መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ የወጣ ሕግ ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም ብለው ተከራክረው ነበር፤ ዳኛው ግን የገመና መብት በ2010 ሕገ መንግሥት የተረጋገጠ እንጂ በ2019 ሕግ የተፈጠረ አለመሆኑን በማስታወስ አልተቀበሏቸውም። መንግሥት ሲለወጥ ሁዱማ ናምባ ቀርቶ በ2023 ማይሻ ናምባ በሚባል በሌላ ተተካ፤ እርሱም በፍርድ ቤት እየታገደ እየተፈታ ሄደ።

ለኢትዮጵያውያን ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ከ1967 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ጀምሮ የከተማ ነዋሪ መታወቂያውን ከቀበሌ ሲያወጣ ኖሯል፤ በብዙ ቦታም በመታወቂያው ላይ ብሔር ይጻፍ ነበር። አሁን ፋይዳ የተባለው አገር አቀፍ ቁጥር በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ቆሞ አሥሩን ጣት፣ የዓይኑን ብሌንና ፊቱን እየመዘገበ ይገኛል፤ የባንክ ሒሳብ ለመክፈትም ይጠየቃል። በፋይዳ መዝገብ የብሔር ጥያቄ አለመግባቱ የሩዋንዳን ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ቀላል ነገር አይደለም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የወጣው ግን ከመታወቂያው አዋጅ አንድ ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው። በኬንያም እንደታየው መጀመሪያ ጎተራው ተሠራ፣ እህሉም ገባ፤ የመዝጊያው ቁልፍ የታሰበው ከዚያ በኋላ ነው። የኢትዮጵያው አዋጅ የመቆጣጠሩን ሥልጣን ለኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጥቶታል፤ ሰው ስለ ራሱ የተመዘገበውን ለማየትና ስሕተት ሲገኝበት ለማሳረም መብት እንዳለውም ደንግጓል።

የማሳረም መብት የተባለው ለትምህርት ቤት ሰዎች ልዩ ትርጉም አለው። ከገጠር የመጣ ልጅ ለመመዝገብ ሲቀርብ ስንት ዓመትህ ነው ቢባል አያውቅም፤ አባቱም የተወለደው በእንዲህ ያለው ድርቅ ጊዜ፣ ወይም ለእገሌ ሠርግ ማግሥት ነው ይላል። መምህሩ ልጁን ከላይ እስከ ታች አይቶ ይገምትና መስከረም 1 ቀን ብሎ ይጽፋል። በወረቀት ዘመን ግምት መሆኑን መምህሩም ልጁም ያውቁ ነበር። ያ ቁጥር ወደ ኮምፒዩተር ሲገለበጥ ግን ግምትነቱ ይጠፋል፤ ከባንክና ከመታወቂያ መዝገብ ጋር በአንድ ቀን ሳይገጥም ሲቀር ልጁ ስለ ራሱ እንደ ዋሸ ሰው ይቆጠራል። ኬንያ ለተማሪዎቿ ባወጣችው የኮምፒዩተር መዝገብ የልደት ወረቀት የሌለው ልጅ መመዝገብ አይችልም ነበር፤ ለትምህርት ቤቱ የሚላከውም ገንዘብ በተመዘገቡት ቁጥር ስለሚታሰብ ያልተመዘገበው ልጅ በክፍል ውስጥ ተቀምጦ በሒሳብ ውስጥ ግን የለም። ሁዱማ ናምባን ለማጽናት በ2019 የተረቀቀው ሕግም ልጅን በመንግሥት ትምህርት ቤት ለማስገባት ቁጥሩ እንዲጠየቅ ያዝዝ ነበር።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የጋሪሳና የአካባቢዋ ወጣቶች ነገር ነው። በዚያ አገር ድርቅ በጠና ጊዜ፣ ከብቱ ያለቀበት ዜጋ በዳዳብ ለሶማሊያ ስደተኞች ከሚታደለው እህል ለማግኘት እናት ልጆቿን ይዛ ስደተኛ ነን ብላ ትመዘገብ ነበር። ልጁም ትንሽ ጣቱን በመሣሪያው ላይ አኑሮ ምግብ ይቀበላል። ልጁ ያደርጋል የተባለውን ከማድረግ በቀር ስለ ነገሩ የሚያውቀው አልነበረም። ዓመታት አልፈው ትምህርቱን ጨርሶ በ18 ዓመቱ መታወቂያ ለማውጣት ሲቀርብ ጣቱን እንደገና ያኖራል፤ መኪናው የድሮውን አሻራ ያስታውስና ይህ ሰው ስደተኛ ነው ይላል። በዚህ ዓይነት ዜግነታቸውን ያጡ ወጣቶች ቁጥር በአሥር ሺሕ የሚቆጠር ነው። ያለ መታወቂያ ኮሌጅ መግባት፣ መቀጠር፣ ከኬላ አልፎ ወደ ናይሮቢ መሄድም የለም። እናቲቱ በረኃብ ቀን ያደረገችው በልጇ ጣት ላይ ተጽፎ ቀረ።

እነዚህ ወጣቶች ጉዳያቸው በሚመረመርበት ሸንጎ ፊት ሲቀርቡ ከወላጆቻቸው መታወቂያና ከሽማግሌዎች ቃል ጋር የሚይዙት ሌላው ማስረጃ የትምህርት ቤት ወረቀት ነበር። በፌብሩዋሪ 2025 የኬንያ ፕሬዚዳንት በዋጅር ከተማ በድንበር አውራጃዎች ሕዝብ ላይ ይደረግ የነበረው የተለየ ምርመራ እንዲቀር አዘዙ። ትእዛዙ የድንበሩን ሰው ከሌላው ዜጋ ጋር በአንድ ወረፋ አቆመው፤ በስደተኛ መዝገብ ውስጥ ያለውን የልጅነት አሻራ ግን በራሱ አልፋቀውም።